ካቴና እና ጉልበት፦ ዘይቱ ከየት ይመጣል?

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ የባሕር ዳር ሳይክል ድምፁ ይለወጣል። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃ ሲጠጣ የከረመ ካቴና መስከረም ላይ ሲጢጥ ሲጢጥ ማለት ይጀምራል፤ ፔዳሉ ጠንከር ተደርጎ ሲረገጥ ደግሞ ጥርሱን ስቶ ቀጭ ይላል። ሠሪው በጣቱ ሳብ ያደርገውና «ካቴናው ረዝሟል» ይላል። እውነቱን ነው፣ ረዝሟል። የረዘመው ግን ብረቱ እንደ ላስቲክ ተለጥጦ አይደለም። ይህን ልዩነት የተረዳ ሰው ዘይቱን የት እንደሚያደርግ፣ የቱን ዘይት እንደሚመርጥ፣ ካቴናውን መቼ እንደሚቀይር ማንም ሳይነግረው ይደርስበታል።

ካቴና በቅርብ ሲታይ የተቀጣጠሉ ማጠፊያዎች ስብስብ ነው፤ በተለመደው ባለ አንድ ማርሽ ሳይክል ላይ 112 ገደማ። እያንዳንዱ ማጠፊያ እንደ በር ማጠፊያ ነው፦ መሐሉ ላይ ፒን አለ፣ ፒኑን ያቀፈ ትንሽ ቱቦ አለ፣ በቱቦው ላይ ደግሞ የሚሽከረከር ቀለበት አለ። ጥርሱ ላይ የሚያርፈው ቀለበቱ ነው። ይህን ንድፍ በትውልዱ ስዊዛዊ የሆነው ሃንስ ሬኖልድ እ.ኤ.አ. በ1880 እንግሊዝ አገር ማንቸስተር ውስጥ የፈጠራ መብት አውጥቶበታል፤ ከዚያ ወዲህ በመሠረቱ አልተለወጠም። ከአንዱ ፒን መሐል እስከ ቀጣዩ ፒን መሐል ያለው ርቀት 12.7 ሚሊሜትር ነው። ሳይክሉ ከቻይናም ይምጣ ከህንድ ቁጥሩ ያው ነው።

አሁን ሥራውን እናስላ። የፊቱ ጥርስ 44፣ የኋላው 18 ቢሆን፣ የጎማው ዙሪያ ደግሞ 2.1 ሜትር ቢሆን፣ ካቴናው አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ሳይክሉ 13 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በዚያ አንድ ዙር ውስጥ እያንዳንዱ ማጠፊያ አራት ጊዜ ይንቀሳቀሳል፦ የፊቱ ጥርስ ላይ ሲወጣ ይታጠፋል፣ ሲለቅ ይዘረጋል፤ ከኋላም እንዲሁ። ስለዚህ አንዱ ፒን በአንድ ኪሎ ሜትር 300 ጊዜ ገደማ በቱቦው ውስጥ ይፋተጋል። ከሽምብጥ ወደ መሐል ከተማ እየተመላለሰ በቀን 10 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ካቴናውን በአንድ ቀን 3,000 ጊዜ ያጥፈዋል፣ ያውም በእግሩ ኃይል ተወጥሮ። የመራዊ ቀይ አፈር ወይም የወንዝ ዳር ደለል በዚያ ጠባብ ክፍተት ውስጥ ከዘይት ጋር ተለውሶ ካለ፣ እያንዳንዱ እጥፋት በሞረድ እንደ መሳል ይሆናል።

መርዘም የሚባለው ከዚህ ይመጣል። የጎኑ ብረት አልረዘመም፤ ፒኑና ቱቦው ተበልተው በመካከላቸው ክፍተት ተፈጥሯል። በአንድ ማጠፊያ ላይ 0.127 ሚሊሜትር ቢበላ፣ ማለትም የሁለት ፀጉር ውፍረት እንኳ ሳይሞላ፣ ከመቶ አንድ እጅ ተበላ ማለት ነው። ያችው ኢምንት በ112 ስትባዛ ግን 14 ሚሊሜትር ትሆናለች፤ ካቴናው ከአንድ ማጠፊያ በላይ ጨመረ። ጥርሱ የተቆረጠው ለ12.7 ሚሊሜትር ነው፤ የተበላው ካቴና ግን ከዚያ በሰፋ እርምጃ ይመጣበታል። ስለዚህ ቀለበቱ የጥርሱ ሥር ላይ በመቀመጥ ፈንታ ወደ ጫፉ ይወጣል፣ ሸክሙም ለብዙ ጥርስ መከፋፈሉ ቀርቶ በጥቂቶች ላይ ይወድቃል። ጥርሱ በአንድ ወገን እየተፋቀ እንደ ማጭድ ይጎብጣል። እዚህ ከተደረሰ አዲስ ካቴና ብቻ መግዛት አያድንም፤ አዲሱ ካቴና በጎበጠው ጥርስ ላይ ይዘላል፣ ራሱም ቶሎ ይበላል። በጊዜው ያልተቀየረ ካቴና የፊቱንና የኋላውን ጥርስ ይዞ ነው የሚሄደው።

ለመለካት የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል። ፔዳሉን በእጅ ጫን አድርጋችሁ የላይኛው የካቴና መስመር ሲወጠር፣ ዜሮውን በአንድ ፒን የግራ ጠርዝ ላይ አድርጉና 20 ማጠፊያ ቁጠሩ። የ20ኛው ፒን የግራ ጠርዝ አዲስ ካቴና ላይ 254 ሚሊሜትር ላይ ያርፋል። ባለ አንድ ማርሽ ሳይክል 256.5 እስኪደርስ ሊታገሡት ይችላሉ። ባለ ብዙ ማርሽ ከሆነ ግን ጥርሶቹ ውድና ስስ ስለሆኑ 255.5 ሲያልፍ መቀየር ይሻላል። ሁለት ሦስት ቦታ ለኩ፤ ካቴና በሁሉም ቦታ እኩል አይበላም። የኋላ ጎማ ወደ ኋላ ተስቦ የተወጠረ ካቴና ማንንም እንዳያታልል። ጎማውን መሳብ ልቅነቱን ይሸፍናል እንጂ የተበላውን ፒን አይመልስም፤ ማስመሪያው ግን ያጋልጠዋል።

የውጥረቱም ነገር ልክ አለው። ባለ አንድ ማርሽ ላይ የታችኛው መስመር መሐሉ በጣት ሲነካ ከላይ እስከ ታች ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር መጫወት አለበት። ከዚያ ከላላ ይወልቃል። ከዚያ ከጠበቀ ደግሞ ፔዳሉ ይከብዳል፣ የኋላውንና የመሐሉን ኩሽኔታ ይበላል። ፔዳሉን እያዞራችሁ አንድ ሙሉ ዙር ተመልከቱት፤ የፊቱ ጥርስ ፍጹም ክብ ስለማይሆን አንድ ቦታ ጠበቅ፣ አንድ ቦታ ላላ ይላል። ልኩ የሚያዘው በጠበቀው ቦታ ነው።

አጠባው

ብዙ ካቴና የሚያልቀው ዘይት አጥቶ ሳይሆን ባልጸዳ አፈር ላይ ዘይት ተጨምሮበት ነው። ዘይቱ ከውጭ ያለውን አሸዋ ይዞት ወደ ፒኑ ይገባል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ዘይት መቀባት፣ ከዚያ መጥረግ ነው። የመጨረሻው መጥረግ እንደ መጀመሪያው ማጠብ ግዴታ ነው።

ባለ አንድ ማርሽ ካቴና ማገናኛው ላይ ትንሽ ክሊፕ አለው። ክሊፑን በፒንሳ ገፍታችሁ ስታወጡ በጣታችሁ ሸፍኑት፤ ተፈናጥሮ ከጠፋ ምትኩን ማግኘት ያደክማል። ካቴናውን በሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ክተቱና 200 ሚሊሊትር ገደማ ላምባ (ነጭ ጋዝ) ጨምራችሁ ሁለት ደቂቃ በደንብ ናጡት፤ የጎጃም ሰው መናጥ አይጠፋውም። ጥቁሩን ላምባ ሌላ ጠርሙስ ውስጥ ገልብጡና በአዲስ ድገሙ። ሦስተኛው ዙር ላይ ላምባው ጠርቶ መውጣት አለበት። የተጠራቀመው ጥቁር ላምባ ሁለት ቀን ቢቀመጥ አፈሩ ይዘቅጣል፣ ከላይ የጠለለው ለሚቀጥለው አጠባ ያገለግላል። ዝቃጩን ቦይ ውስጥ አትድፉት፤ የባሕር ዳር ቦይ መጨረሻው ጣና ወይም ዓባይ ነው።

ከታጠበ በኋላ በጥላ ተሰቅሎ ቢያንስ ግማሽ ቀን ይዋል። በፒኑ ውስጥ የቀረ ላምባ አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል። ሲመለስ ደግሞ የክሊፑ የተዘጋው ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዙር። ክፍቱ ጫፍ ወደ ፊት ከሆነ አንድ ድንጋይ ወይም ጉቶ ነካ ሲያደርገው ይወልቃል።

በቤንዚን ማጠብ የተለመደ ነው፣ ፈጥኖም ያጸዳል። ሆኖም አታድርጉት። ቤንዚን ተራ በሆነ የአየር ሙቀት ውስጥ በቀላሉ የሚቀጣጠል ትነት አለው፤ በውስጡ ያለው ቤንዚን የተባለው ውሁድ (ከነዳጁ ጋር ስሙ የተመሳሰለ ነው) የደም ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው፣ በቆዳም በትንፋሽም ይገባል። ቤንዚንንም ሆነ ላምባን በላስቲክ ቱቦ በአፍ መምጠጥ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ትንሽ ጉንጭ ወደ ሳንባ ከገባ ከባድ የሳንባ ጉዳት ያደርሳል። በስሕተት የዋጠ ሰው እንዲያስመልስ አይገደድም፣ ሲያስመልስ ዳግመኛ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና። በቀጥታ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

የቱ ዘይት?

ዘይት ጥቅም ያለው ፒኑና ቱቦው መካከል ሲገባ ብቻ ነው። ከውጭ የሚያብረቀርቀው ካቴና ለዓይን ያምራል፣ ሥራ ግን የለውም፤ አቧራ ይሰበስባል እንጂ። ግራሶ የማይመከረውም ለዚሁ ነው፤ ወፍራም ስለሆነ ወደ ውስጥ አይሰርግም።

በየሱቁ የሚገኘው አዲስ የሞተር ዘይት ጥሩ ነው፣ ብቻውን ግን ይወፍራል። ሦስት እጅ ዘይት በአንድ እጅ ላምባ ቀላቅሉት፤ ላምባው ዘይቱን ይዞት ይሰርግና ራሱ ይተንናል፣ ዘይቱ በቦታው ይቀራል። መርፌው በወጣ ሲሪንጅ በእያንዳንዱ ቀለበት ላይ አንድ ጠብታ፣ በታችኛው መስመር ከላይ በኩል። ካቴናው ሲዞር ዘይቱ ወደ ውጭ ስለሚገፋ፣ ከውስጥ በኩል የተንጠባጠበው በፒኑ በኩል ያልፋል። ለ112 ማጠፊያ 5 ሚሊሊትር ይበቃል። ፔዳሉን ወደ ኋላ 30 ዙር አዙሩ፣ አሳድሩት፣ ጠዋት በደረቅ ጨርቅ ጨርቁ መጥቆሩን እስኪያቆም ጥረጉት። የስፌት መኪና ዘይትም ይሠራል፤ ቀጭን ስለሆነ በደንብ ይገባል፣ ነገር ግን ቶሎ ያልቃል፣ ዝናብም በቀላሉ ያጥበዋል።

የኑግ ዘይት ጉዳይ ለብቻው መነሳት አለበት፤ ጎጃም የኑግ አገር ነው፣ ዘይቱም በየቤቱ አለ። ካቴና ላይ በተደረገበት ቀን ኑግ ምንም አይወጣለትም፤ ድምፁ ይጠፋል፣ ፔዳሉ ይቀላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን ሙጫ ይሆናል። ምክንያቱ የታወቀ ነው፦ ኑግ፣ ተልባና ሱፍ ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲገናኙ ሞለኪውሎቻቸው እርስ በርስ ይያያዛሉና ይጠጥራሉ። እናቶች አዲስ ምጣድ በጎመንዘር ሲያሟሹ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፤ ዘይቱ በሙቀት ጠጥሮ ምጣዱ ላይ ልሙጥ ሽፋን እንዲሆን። ለምጣድ በጎ የሆነው ለካቴና ጥፋት ነው። ከማዕድን የሚወጣው የሞተር ዘይት በዚህ መንገድ አይጠጥርም።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት በነጻ ይገኛልና ብዙ ሰው እሱን ይቀባል። የተቃጠለ ዘይት የብረት ብናኝ፣ ጥላሸትና አሲድ የተሸከመ ነው፤ ያንን ወደ ፒን ማስገባት ለአጠባው የደከሙበትን መሻር ነው። የባሰው በእጅ ላይ የሚያደርሰው ነው። በቃጠሎ የተፈጠሩ ካንሰር አምጪ ውሁዶች በውስጡ አሉ፣ ለዓመታት በየቀኑ ቆዳን ሲነካ የቆዳ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ሳይክልና መኪና የሚሠሩ ልጆች ይህን ማወቅ መብታቸው ነው። ጓንት ይልበሱ፤ በዘይት የራሰ ጨርቅ ኪሳቸው ውስጥ አይክተቱ። እጅ ሲጠቁር በቤንዚን መታጠብ የቆዳውን የራሱን ቅባት ጠርጎ ስለሚያወጣ መርዙ ይበልጥ ይገባል። የኑግ ዘይት ቦታው እዚህ ላይ ነው፦ ጥቂት አፍስሳችሁ እጃችሁን በደረቁ እሹት፣ ጥቁሩ ሲለቅ በጨርቅ ጥረጉ፣ ከዚያ በላርጎና በውሃ ታጠቡ።

በጋ ላይ ሌላ አማራጭ አለ፤ ሻማ። ተራ ነጭ ሻማ በአብዛኛው ፓራፊን ነው፣ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል። አንድ ጣሳ ሻማ ውሃ በያዘ ድስት ውስጥ አስቀምጣችሁ አቅልጡ፤ በቀጥታ እሳት ላይ ከተጣደ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል፣ የተቀጣጠለ ሻማ ላይም ውሃ አይደፋም። ፈጽሞ የጸዳና የደረቀ ካቴና ውስጡ 10 ደቂቃ ይቆይ፣ አየሩ ፊኛ ፊኛ እያለ እስኪያልቅ። አውጥታችሁ ስቀሉት፣ ሲበርድ በእጅ እያጣጠፋችሁ አላሉት። ደረቅ ስለሆነ የየካቲትና የመጋቢት አቧራ አይጣበቅበትም። ዝናብ ግን አይችልም፤ አንድ ቀን ከበሰበሰ በማግሥቱ ይዝጋል። ጧፍ የሚሠራበት የንብ ሰም ለዚህ አይሆንም፣ ተጣባቂ ነው።

በቀን 10 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው በበጋ በሁለት ሳምንት አንዴ መጥረግና ዘይት መንካት፣ በየሁለት ወሩ አውልቆ ማጠብ ይበቃል። በክረምት በበሰበሰ ቁጥር በዚያው ምሽት በጨርቅ መጥረግና ጥቂት ዘይት ማስነካት ያስፈልጋል። ዝገት አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

ካቴና «ሞተ» ሲባል

ባትሪ ሞተ፣ ሞተር ሞተ፣ ካቴና ሞተ እንላለን። ታዲያ ሕይወት ያለውን ከሌለው የሚለየው ምንድን ነው? ይንቀሳቀሳል ካልን ባጃጅም ይንቀሳቀሳል። ይመገባል፣ ይተነፍሳል፣ ያድጋል ካልን እሳትም ገለባ ይበላል፣ አየር ይፈልጋል፣ ከአንድ ክምር ወደ ሌላው ይዛመታል። ዘሩን ይተካል ካልን በቅሎ ትመጣለች። አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት ያለችው በቅሎ፣ አባቷ አህያ ስለሆነ የክሮሞሶም ቁጥሯ ጎዶሎ ነው፤ 63። ስለዚህ አትወልድም ለማለት ይቻላል። ግን የደጀንን አቀበት የምትወጣ በቅሎ ሕይወት የላትም የሚል ማን ነው? የአሜሪካው የጠፈር ተቋም ናሳ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራበት ትርጉም «ራሱን ችሎ የሚቀጥል፣ በዳርዊናዊ ዝግመተ ለውጥ ማለፍ የሚችል የኬሚካል ሥርዓት» ይላል። ይህ ለዘር ሐረግ ይሠራል፣ ለአንዲት በቅሎ ግን ይጠብባታል።

ለዕለት ኑሮ የሚጠቅመው ምልክት ሌላ ነው፦ ሕይወት ያለው ነገር የበላውን ምግብ ተጠቅሞ ራሱን ዘወትር ያድሳል። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ገደማ ኖሮ በአዲስ ይተካል። የአዋቂ ሰው አጥንት ከመቶ 10 እጁ ገደማ በየዓመቱ ፈርሶ ይሠራል። ካቴና ከፋብሪካ በወጣበት ቀን ከነበረው የተሻለ ቀን አያይም፤ የሚቀባውም የሚጠርገውም ከውጭ ነው። በአካላችን ውስጥ ግን ወደ ካቴናው ጠባይ የሚቀርብ አንድ ክፍል አለ፣ ባለሳይክል ደግሞ አብዝቶ የሚጠቀመው እሱኑ ነው።

ጉልበት

በጉልበት ውስጥ የሁለቱ አጥንቶች ጫፍ ልምጭት (ካርቲሌጅ) በሚባል ልስልስ ተጣጣፊ ሽፋን ተሸፍኗል። ልምጭት የደም ሥር የለውም፤ ስለዚህ ከተጎዳ በኋላ እንደ አጥንት አያገግምም። ምግቡን የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው። ጤናማ ጉልበት ውስጥ ይህ ፈሳሽ ጥቂት ሚሊሊትር ብቻ ነው፣ ካቴናው ከሚፈልገው ዘይት አይበልጥም። የሚያመነጨው የመገጣጠሚያው የውስጥ ሽፋን ነው። ልምጭቱ ሸክም ሲያርፍበት እንደ ስፖንጅ ፈሳሹን ይተፋል፣ ሲለቀቅ መልሶ ይመጥጣል። እንቅስቃሴ ለካቴና ማለቂያው ሲሆን ለጉልበት መመገቢያው ነው፤ በልክ እስከሆነ ድረስ።

ልኩን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ኮርቻ ነው። እግር መሬት እንዲነካ ተብሎ ዝቅ የተደረገ ኮርቻ ጉልበትን አብዝቶ ያጥፈዋል፣ ሎሚ አጥንቱም ከሥሩ ባለው አጥንት ላይ በኃይል ይጫናል፤ ሕመሙ ከፊት በኩል ይመጣል። ለመለካት ግድግዳ ተደግፋችሁ ተቀመጡና ተረከዛችሁን በታችኛው ፔዳል ላይ አድርጉ፤ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ በእግር ጣቶች ሥር ባለው ሰፊ ክፍል ስትረግጡ ጉልበቱ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ይታጠፋል። ኮርቻውን በአንድ ጊዜ ከ5 ሚሊሜትር በላይ አታንሱ፤ ጥቂት ቀን ነድታችሁ ድገሙ። ሕመሙ ከጉልበት ጀርባ ከጀመረ ወይም ዳሌ ግራና ቀኝ ከተወዛወዘ ከፍ በዝቷል ማለት ነው።

የማርሹ ነገርም አለ። ያ 44 በ18 የሆነ ሳይክል በአንድ የፔዳል ዙር 5 ሜትር ይሄዳል። በባሕር ዳር ሜዳ በደቂቃ 60 ዙር ሲረገጥ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለጉልበት ምቹ ነው። ደብረ ማርቆስ ዳገት ላይ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ሲወጣ ግን ፔዳሉ በደቂቃ 20 ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ እያንዳንዱ እርግጫ ሙሉ የሰውነት ክብደት ይጠይቃል፣ ከኋላ ሰው ከተጫነ ደግሞ ይብሳል። የኋላውን ጥርስ በ22 መቀየር ያቀላል፤ ካቴናው ላይ 2 ማጠፊያ መጨመር ያስፈልጋል። ካልሆነ ወርዶ መግፋት ነው። በተበላ ካቴና ላይ ቆሞ መርገጥ ጨርሶ አይደረግ፤ ካቴናው ሲዘል እግር ባዶ ይረግጣል፣ ጉልበት ከመሪው ጋር ይጋጫል ወይም ሰውየው ፊት ለፊት ይወድቃል።

ጉልበት ሲያብጥ «ውሃ ቋጠረ» ይባላል። ያ የበዛው ፈሳሽ የበዛ ዘይት አይደለም፤ መገጣጠሚያው መቆጣቱን የሚያሳይ ነው። ቀላል እብጠት ያለ ሙቀት ከሆነ ሳይክሉን ጥቂት ቀን ማቆም፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማረፍና በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር 15 ደቂቃ መያዝ ይረዳል። በወደቁ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያበጠ፣ የተቆለፈ ወይም ክብደት አልሸከምም ያለ ጉልበት ግን መመርመር አለበት። ያበጠው ጉልበት ከቀላና ከጋለ፣ ሰውየውንም ትኩሳት ከያዘው፣ መገጣጠሚያው ውስጥ ኢንፌክሽን ሊኖር ይችላል። በወጌሻ አይታሽ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይድረስ። እንዲህ ያለ ኢንፌክሽን በጥቂት ቀን ውስጥ የሚበላው ያንኑ ተመልሶ የማይተካውን ልምጭት ነው።